ያልተነገረው ረግረግ

ጉንቮር ዕድሜዋን የጨረሰችው የሰው ቤት ቁልፍ ተሸክማ ነው። በናምዳለን ሸለቆ ለብቻቸው የሚኖሩ አሮጊቶችንና ሽማግሌዎችን ቤት ለቤት እየዞረች የምታጥብ፣ መድኃኒት የምትሰጥ፣ አንሶላ የምትቀይር የወረዳው ተንከባካቢ ነበረች። የትኛው ሽማግሌ የሞተች ሚስቱን እየጠራ እንደሚያለቅስ፣ ከማን አልጋ ሥር ባዶ ጠርሙስ እንደሚደረደር፣ የትኛዋ አሮጊት «ልጆቼ ትናንት መጥተው ነበር» ብላ እንደምትዋሽ ታውቃለች። አንዱም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሰዎቹ ሞተው፣ ቤቶቹ ተሸጠው፣ ቁልፎቹ ተመልሰው እንኳ ነገሩ እሷው ዘንድ ቀረ። «ለጉንቮር ነገርክ ማለት ለድንጋይ ነገርክ ማለት ነው» ይላል መንደሩ። ሲያመሰግናትም ሲያማትም በዚሁ ቃል ነው።

ባሏ ኦድላይፍ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። ምሰሶ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሽቦ ሲቀጥል ከታች በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ ይጠራል፤ የላይኛውን መንደር ወሬ ለታችኛው ያወርዳል። ክፋት የለውም። ሰው ሲስቅ ማየት ይወዳል፤ ሰውን ለማሳቅ ደግሞ ሁልጊዜ የሆነ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ሁለቱ ሲጋቡ ሰው «እሱ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች፤ ትዳሩ ይቆማል» አለ። ቆመም።

በመካከላቸው ያልተነገረ ነገር አንድ ብቻ ነበር። የሙልተ ቦታ።

ሙልተ ረግረግ ላይ የሚበቅል የእንጆሪ ዘመድ ነው። እንደ ሌላው ፍሬ አይደለም፤ ጥሬው ቀይ ነው፣ ሲበስል ነው ቅላቱ ለቆት የማር መልክ የሚይዘው። እዚያ አገር አይዘራም፣ አይተከልም፤ ዕጣው ፈልጎ ማግኘት ነው። ለገና በክሬም ተመትቶ ካልቀረበ ማዕዱ እንደጎደለ ይቆጠራል። የሸለቆው ሰው የቤቱን በር ሳይቆልፍ ገበያ ይሄዳል፤ ሙልተው የት እንዳለ ግን ለወንድሙ አይናገርም። «ከየት ለቀምሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። «ዘንድሮ ተገኘ?» ይባላል። መልሱም፣ ምድር ቤቱ በማሰሮ ሞልቶ እንኳ፣ «ኧረ ለመቅመሻ ያህል ናት» ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጥበብ ግን የመኪና አቋቋም ነው። ነሐሴ ሲገባ ሰዉ መንገድ ዳር የቆመ መኪናን እንደ ጋዜጣ ያነባል። ስለዚህ ልባም ሰው መኪናውን ከቦታው ሁለት ኮረብታ አርቆ ያቆምና በጫካው ዞሮ በእግሩ ይሄዳል።

ጉንቮር ቦታዋን ያገኘችው ከእናቷ ነው። እናቷ ቦርግሂል ዳሌዋን ሲያማት ከሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ታናሺቱን ጉንቮርን ብቻ ይዛ ወጣች። ታላቂቱን ማግንሂልን ተወቻት። ማግንሂል ያኔ ከተማ ገብታ ፀጉር ቤት ከፍታ ነበር፤ እናት «እሷ ምላሷን ለብዙ ሰው ነው የምታከራየው» አለች፣ በዚሁ ተዘጋ። ማግንሂል ባሏ ሞቶባት ወደ መንደር ከተመለሰች በኋላም ነገሩን የምታነሣው በቀልድ ነው። «ትንሿ፣ የእናቴን ርስት መቼ ነው የምታካፍዪኝ?» ትላለች፤ ትስቃለች። ጉንቮርም ትስቃለች። መልስ ግን አትሰጥም።

ኦድላይፍ በየዓመቱ ሚስቱን ይዞ እስከ ላንግቫትን ሐይቅ ጫፍ ይነዳል። እዚያ መንጠቆውን ውኃ ውስጥ ጥሎ፣ ፔርሙሱን ከጎኑ አድርጎ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እሷ ባልዲዋን አንጠልጥላ ጫካ ትገባለች፤ መጀመሪያ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ፣ ከዓይኑ ከራቀች በኋላ ታጥፋ ወደ ትክክለኛው። ስትመለስ «ዘንድሮስ ስዊድን ድረስ ነው የሄድሽው?» ይላታል።

«ፓስፖርት ጠየቁኝ» ትለዋለች።

ትዳራቸውን ሙሉ በዚህ ቀልድ ኖሩ። አንድ ቀን እንኳ አልተከተላትም። አለመከተሉን ታውቃለች፤ ከምትወድለት ነገር ሁሉ የመጀመሪያው ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

ረግረጉ ላይ የምታደርገውን ግን ሕይወት ያለው ሰው አያውቅም። ታወራለች። ዓመቱን ሙሉ ድንጋይ የሆነችው ሴት፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ እዚያ ስትደርስ አንደበቷ ይፈታል። ስልኳን አውጥታ መጀመሪያ ያገኘችውን የበሰለ ፍሬ ፎቶ ታነሣለች። ከዚያ ቪዲዮ ከፍታ ረግረጉን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላ እያዞረች ለእናቷ ትነግራለች። «እማዬ፣ ዘንድሮ የሰኔ ውርጭ አልነካውም። ያ ነጩ ሣር እንደ ጥጥ ፈክቷል፣ አየሽው? ልጄ ኢንጉን ከባሏ ተለያየች፤ ለማንም አላወራሁም። እኔም ደክሞኛል፣ እማዬ፤ የሰው ገላ ማጠብ ሰልችቶኛል። ይኼንንም ለማንም አላልኩም።» ከሙት ጋር ማውራት እዚያ አገር የጤና አይደለም። ጉንቮር ራሷ እንዲህ የሚያደርጉ አሮጊቶች ስታገኝ ለሐኪሙ ትጠቁም ነበር። ለዚህ ነው ስልኩን የምትይዘው፤ ድንገት ሰው ቢያያት ረግረግ ትቀርፃለች ይላል እንጂ ብቻዋን ትለፈልፋለች አይልም። የቀረፀችውን ተመልሳ አይታው አታውቅም። ለማየት አልነበረም።

ኦድላይፍ ጡረታ ሲወጣ ምሰሶው ቀረ፣ አላፊ አግዳሚውም ቀረ። የሚያገናኘው ሰው ሲያጣ ቤቱን ከራሱ ጋር ማገናኘት ጀመረ። ከደረጃው ሥር፣ መጥረጊያውና የበረዶ መንሸራተቻው ከሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አረንጓዴ መብራት ያላት ጥቁር ሣጥን አኖረ። ከእሷ ወደ ሳሎኑ ቴሌቪዥን፣ ወደ ማዕድ ቤቱ ኮምፒውተርና ምድር ቤት ወዳለው ወደ ትልቁ ኮምፒውተሩ መስመር ዘረጋ። ስልኩ ከውጭ ገብቶ የቤቱን ዋይፋይ እንደያዘ የተነሣው ፎቶ ሁሉ በራሱ ወደ ሣጥኗ ይገለበጣል፤ ከዚያ በየትኛውም ክፍል፣ በየትኛውም የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር መስኮት ይታያል።

«ያንቺንም ስልክ ላያይዘው?» አለ አንድ ቀን ከኮሪደሩ።

ጉንቮር ድንች እየላጠች ነበር። «ምን ይፈይዳል?»

«ስልክሽ ውኃ ውስጥ ቢገባ ፎቶሽ አይጠፋም። የኢንጉንን ልጆች ደግሞ ቴሌቪዥን የሚያካክል አድርገሽ ታዪያቸዋለሽ።»

«እኔ ምንም አልነካም እንዴ?»

«ምንም። አንቺ ቤት መግባት ብቻ ነው ያለብሽ።»

«እንግዲያው አያይዘው። መክፈቻ ቁጥሩን ታውቀዋለህ፤ እጄ እርጥብ ነው።»

ወደደችውም። የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች የልጅ ልጆቿ ጥርሳቸውን እየነቀሉ፣ ከዛፍ እየወደቁ በግድግዳው ላይ ሲያልፉ ታያለች። ኦድላይፍ ከምድር ቤት ሆኖ የሳሎኑን ሙዚቃ ይለውጥና «የኔ እመቤት፣ ይኼ ተስማማሽ?» ብሎ ይጮኻል። ያን የበረዶ ወራት ቤቱ ሞቅ ያለ ነበር።

ነሐሴ ሲገባ እንደ ልማዳቸው ወደ ላንግቫትን ወጡ። ኦድላይፍ መንገዱን ሁሉ ዝም አለ። ሐይቁ ጋ ሲደርሱ «ጉንቮር» አለ።

«ምነው?»

«ምንም። ትንኙ በዝቷል፣ የፊት መረቡን አጥልቂ።»

አጠለቀች፣ ሄደች። እንደወትሮው ዞራ፣ ጥዱን አልፋ፣ አሮጌውን የጣውላ መሰንጠቂያ ከታች ትታ ወደ ረግረጉ ወጣች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። የቦቲ ዱካ በየቦታው ተንቦርቅቆ ቡናማ ውኃ ቋጥሯል። ፍሬ የለም። ፍሬውን ይዞት የነበረው ባዶ አቃፊ ብቻ፣ ቅጠሉ ላይ እንደ ተከፈተ ትንሽ እጅ ቀርቷል። ከሁሉ የባሰው፣ ገና ያልበሰለው ቀዩ ሁሉ ተቦጭቋል። ሙልተ የሚያውቅ ሰው ጥሬውን አይነካም። የሚነካው «ነገ ሌላው ይቀድመኛል» ብሎ የፈራ ብቻ ነው። ለምን ይፈራል? ሌሎችም ማወቃቸውን ስላወቀ።

ስልኳን አወጣች። ፎቶ የሚነሣ ፍሬ አልነበረም። ቪዲዮውን ከፈተችና «እማዬ፣ ሰው ደርሶብናል» አለች። «እኔ አልተናገርኩም። በሕይወቴ ለማንም አልተናገርኩም።»

ባዶ ባልዲ ይዛ ስትመለስ ኦድላይፍ ከድንጋዩ ላይ ተነሣ።

«ምንም?» አለ።

«ተለቅሟል።»

ወደ ሐይቁ ዞሮ መንጠቆውን ሰበሰበ። ስለ ስዊድን ምንም አላነሣም። ጉንቮር ይኼን ልብ ብላለች፤ ያዘነላት ነው የመሰላት።

እሑድ ማግንሂል መጣች። ጉንቮር ዋፍል ጋግራ፣ ቡናማውን አይብ ቆራርጣ ጠረጴዛው ላይ አድርጋለች። ማግንሂል በሩን በክርኗ ገፍታ፣ ፎጣ የለበሰ ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ገባች።

«ዘወር በሉ፣ ሀብታም መጣች!» አለችና ፎጣውን ገለጠችው። ሙልተ ነው፤ ከላይ ወርቅማ፣ ከሥር ከሥሩ ደግሞ ጠንካራ ቀይ የተቀላቀለበት። «ዘንድሮ የምጋብዝሽ እኔ ነኝ፣ ትንሿ። እናቴ ቀና ብላ ብታየኝ!»

ጉንቮር ሳህኑን አየች። ቀዩን አየች። «ከየት ነው?» አለች።

ማግንሂል ወንበር እየሳበች ቆም አለች። «ጉድ በሉ! አንቺ ነሽ ‹ከየት› የምትዪው? ኦድላይፍ፣ ሚስትህን ሙቀት ለካት።»

«ከየት እንደሆነ ንገሪኝ፣ ማግንሂል። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ምን?»

«ተከትለሽኝ ነው? ሰው አስከትለሽብኝ ነው?»

«በዚህ ጉልበቴ? እኔ ከፖስታ ሣጥኑ እስከ በሬ ስደርስ ሁለቴ የማርፍ ሴት!» ሳቀች፤ እህቷ እንዳልሳቀች ስታይ ሳቋን ቆረጠችው። «አርንስታይን ነው የሰጠኝ። ያ ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤቴ። እሱ እንደሆነ ሰሞኑን ሰበብ ፈልጎ በሬን ማንኳኳት አብዝቷል። ‹ለእህትሽ ባል ምስጋና አቅርቢልኝ› ብሎኛል። እኔም ቀልድ መስሎኝ…»

«ለማን ባል?»

«ላንቺ ባል ነዋ። ቀይ መኪናው ከጣውላ መሰንጠቂያው ጥግ ግማሽ ቀን ቆሞ ነበር አሉ። አንቺ ቤርገን ኢንጉን ጋ በሄድሽበት ሳምንት። አርንስታይን አየ፣ ሱቅ ውስጥ ያሉት ሁሉ አዩ። እኔማ ከእንግዲህ መደባበቁን ትታችሁታል ብዬ ነው።»

ኦድላይፍ ቡናውን ሊያመጣ ተነሣ። ቡናው ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ተቀመጥ» አለች ጉንቮር።

ተቀመጠ።

«እንዴት አወቅህ?»

«እኔ አልፈለግሁትም» አለ። ድምፁ ከምሰሶ ላይ የሚመጣው ድምፅ አልነበረም። «በራሱ መጣ። ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ፎቶዎቹን በየቦታቸው አስቀምጥልኝ ብዬ ነካሁት። ካርታ አወጣ። የኢንጉንን ፎቶዎች ቤርገን ላይ አደረጋቸው፣ የቤታችንን እዚህ። ከዚያ ጫካው መሃል ብቻዋን የቆመች ነጥብ አየሁ። ከፈትኳት። ነሐሴ ነው፣ ነሐሴ ነው፣ ነሐሴ ነው። ስልክሽ ፎቶ ሲያነሣ የቆመበትን ቦታ አብሮ ይይዛል፣ ጉንቮር። ሣጥኗ የተቀበለችውን ነው ያሳየችኝ።»

«ካየህ በኋላ ልትነግረኝ አፍ አጣህ?»

«ልነግርሽ ነበር። ሐይቁ ጋ ልነግርሽ ነበር።»

«ስለ ትንኝ ነው የነገርከኝ።»

ማግንሂል አንድ ዋፍል አንሥታ፣ ሳትበላ መልሳ አስቀመጠችው።

«አንዲት ፍሬ አልለቀምኩም» አለ ኦድላይፍ። «ገና ቀይ ነበር። ሄጄ ዳሩ ላይ ቆምኩ፣ በቃ። ሚስቴ በየዓመቱ እኔን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ የምትሄድበትን ቦታ ማየት ነው የፈለግሁት። ጥፋት ነው?»

«መኪናውን መሰንጠቂያው ጋ አቁመህ!»

«የትስ ላቁመው? ቅርቡ እሱ ነዋ።»

«ቅርቡ እሱ ነው!» ጉንቮር ወደ እህቷ ዞረች፣ ምስክር እንደምትፈልግ። «ሰማሽው? ስድሳ ዓመት እዚህ ሸለቆ ውስጥ ኖሮ ነሐሴ ሊገባ ሲል ቀይ መኪና ቅርቡ ላይ ያቆማል። ባንዲራ ሰቅለህ ብትመለስ ይሻል ነበር! የዚህ አገር ሕፃን እንኳ አያደርገውም።»

ይኼን ጊዜ የኦድላይፍ ፊት ቀላ። ሰው ፊት መሰደብ አይችልም፣ በተለይ እህቷ ፊት። «እሺ!» አለ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። «አዎ! እኔ ሞኝ ነኝ። ‹ልቡ ደግ ነው፣ አፉ ግን ወንፊት ነው› አይደለሁ? አፌ ወንፊት ነው፣ መኪናዬም ወንፊት ነው፣ በቃ!»

ማግንሂል ልትስቅ ነበር። የእህቷን ፊት አየችና ተወችው።

ጉንቮር ያን ቃል ታውቀዋለች። የራሷ ቃል ነው። ባለፈው ዓመት ነው የተናገረችው፤ ለልጇ አይደለም፣ ለእህቷ አይደለም፣ ለማንም ነፍስ ላለው ሰው አይደለም። ረግረጉ መሃል ቆማ፣ ነጩን ሣር እየቀረፀች፣ «ለኦድላይፍ አልነገርኩትም፣ እማዬ» ብላ ነው የቀጠለችው።

«ሰምተኸዋል» አለች።

ኦድላይፍ አፉ ምን እንዳወጣ የገባው ያኔ ነው። እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣው።

«የት ሆነህ ነው የሰማኸው?»

«እዚሁ።»

«እዚህ ሳሎን? በቴሌቪዥኑ?»

«ቪዲዮውን በትልቁ ላየው ብዬ… ረግረጉ ያምር ነበር። ማውራትሽን አላወቅሁም ነበር። አንዴ ከጀመረ በኋላ…»

«ሁሉንም?»

ዓይኑን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ።

«ብቻዬን ነበርኩ፣ ኦድላይፍ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሕመምተኛ የምታነጋግር ነበር የምትመስለው። «እዚያ ብቻዬን ነበርኩ።»

«ሚስቴ ነሽ። ድምፅሽን ነው የሰማሁት። እንዲህ ስታወሪ ሰምቼሽ አላውቅም፤ ሌላ ሴት ነው የመሰልሽኝ። ደስ አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ ስለ እኔ የምትዪው መጣ። ከተጋባን አርባ ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረንም፣ ከሞተች ሰው ጋር ስለ እኔ የምታወሪውን ከእኔ ጋር ስለ ራስሽ አውርተሽው አታውቂም። እኔስ አልተከዳሁም?»

ለጉንቮር የታያት ግን ሌላ ነገር ነው። ሥራ ላይ ሳለች በየቤቱ ብቻዋን ትቀራለች፤ ባለቤቱ አልጋ ላይ ነው፣ መሳቢያው አጠገቧ ነው፣ ግማሹ ተከፍቶ ደብዳቤው ጫፉን አውጥቷል። በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ትዘጋዋለች። ቁልፍ የሰጠህ ሰው ግባ አለህ እንጂ አንብበኝ አላለህም። ይኼን ለማንም አስተምራ አታውቅም፤ የሚማሩት ነገር አልመሰላትም ነበር። አሁን ያን ሁሉ ዓመት አጠገቧ ሲተኛ የኖረው ሰው ይኼን እንደማያውቅ አወቀች።

«ከእናታችን ጋር ታወሪያለሽ?» አለች ማግንሂል ቀስ ብላ።

ጉንቮር የዋፍሉን ሳህን ወደ ጎን ገፋች።

«ስለ እኔስ ታነሺብኛለሽ?» ማግንሂል ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ ኮቷን መልበስ ጀመረች። እጅጌውን ስታጣ ኦድላይፍ ሊያግዛት ተነሣ፤ በክርኗ ገፋችው። «ደግ ነው» አለች። «አርንስታይን ያውቃል። ኦድላይፍ ያውቃል። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለችው ሣጥን ታውቃለች። የማታውቀው የቦርግሂል የበኩር ልጅ ብቻ ናት። ሳህኑን መልሱልኝ፤ የልጄ ስጦታ ነው።»

ሙልተው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ማንም አልቀመሰውም። ጉንቮር ወደ ማታ ለወፎች ደፋችው፤ ወፎቹም ቀዩን ትተው ሄዱ።

በማግሥቱ ኦድላይፍ ደረጃው ሥር ገብቶ ተንበረከከ። «ሁሉንም አጠፋዋለሁ» አለ። «ያንቺን ብቻ ነው ወይስ ጠቅላላውን?»

«ተወው።»

«አጠፋልሻለሁ እኮ ነው የምልሽ።»

«ከሣጥኗ ታጠፋዋለህ። ካንተስ?»

መስመሩን ነቀለው። ቴሌቪዥኑ ላይ የልጅ ልጆቹ መምጣታቸው ቆመ፤ ሙዚቃውም በየክፍሉ መዞሩን ተወ። ኦድላይፍ ግን ያገኘው ነገር ዝምታ ብቻ ሲሆን እንደ ልጅ ተጎሳቆለ። ሱቅ ሲሄድ አርንስታይንን ገላምጦ ሰደበው አሉ። አርንስታይንም «እኔ መኪና ነው ያየሁት፤ አንተ ምን እንዳየህ ራስህን ጠይቅ» አለው ተባለ። ይኼም በመንደሩ ዞሮ ጉንቮር ጆሮ ደረሰ። ምን እንዳየ መንደሩ አያውቅም ነበር። ግን አንዴም አፍስሶ የማያውቅ ወንፊት የለምና፣ ጉንቮር ሰው ባገኘች ቁጥር የሰላምታውን ድምፅ ማዳመጥ ያዘች። «ደክሞሻል እንዴ?» ቢላት ሐኪሙ ትደነግጣለች። ድካሟን የተናገረችው ለማን ነበር?

መስከረም ውስጥ፣ ኦድላይፍ ማዕድ ቤት ካሮት እየከተፈ ሳለ፣ እሷ እዚያው አጠገቡ ቆማ ለእህቷ ስልክ ደወለች።

«ማግንሂል፣ ስሚኝ» አለች። «ከአሮጌው የጣውላ መሰንጠቂያ ወደ ላይ ስትወጪ ወንዙ በቀኝሽ ይሁን። መብረቅ የመታው ጥድ አለ። እሱን ስታልፊ መሬቱ ይረጥባል፤ አትፍሪ፣ ድንጋይ ድንጋዩን ይዘሽ ሂጂ። ግራና ቀኙ ሲገለጥ ደርሰሻል።»

«አሁን?» አለች ማግንሂል። «አርንስታይን እንደ በግ ሸልቶት ካበቃ በኋላ?»

«አሁን።»

«ለምን?»

«እስካሁን የነገርኩት ሰው ስለሌለ።»

ኦድላይፍ ቢላዋውን አስቀመጠ። ልውጣ ወይስ ልቀመጥ በሚል ሚስቱን አየ። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። መንገዱን ከእሷ የበለጠ በካርታ ያውቀዋል፤ እሷ ግን ዛሬም ለእሱ አልነገረችውም። ትንሽ ቆሞ ካሮቱን መክተፍ ቀጠለ።

በዓመቱ ነሐሴ ሁለቱ እህትማማቾች በማግንሂል መኪና ወጡ። ኦድላይፍ በር ላይ ቆሞ «ላድርሳችሁ?» ብሎ ነበር። «አይ፣ አንተ ቤት ጠብቅ» አለችው ጉንቮር፤ በክፋት አልነበረም፣ የተናገረችው ለጎረቤት በሚነገርበት ድምፅ ነው። መኪናውን መሰንጠቂያው ጋ በይፋ አቆሙት። ሌሎችም ሁለት መኪኖች ነበሩ።

ማግንሂል በሁለት ዱላ እየተደገፈች፣ በየጥዱ ሥር እያረፈችና እየተሳደበች ወጣች። ረግረጉ ሲገለጥ ባልዲዋን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ይኼ ነው?» አለች።

«ይኼ ነው።»

«ባሕር ያህላል ብዬ ነበር። በእንቅልፌ ሳየው ባሕር ነበር የሚያህለው።» አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገች። «ትንሽ ነው እኮ፣ ትንሿ። ለሁለት ሰው ይበቃ አልነበረም?»

«ይበቃ ነበር» አለች ጉንቮር።

እዚህም እዚያም፣ ሌላው ሰው ያላያት አንዳንድ የበሰለች ፍሬ ነበረች። ጉንቮር ጎንበስ ብላ መልቀም ጀመረች። ስልኳ ቤት ነው፤ ሆን ብላ ትታው ነው የመጣችው። ማግንሂል ከተቀመጠችበት ሆና ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ገበያ መሃል ሰው እንደምትጠራ፣ «እማዬ! መጣሁልሽ! ሳትጠሪኝ መጣሁ!» ብላ ጮኸች። ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ አርንስታይን፣ ስለ ልጇ አዲስ ቤት ለእናቷ ማውራቷን ቀጠለች፤ ጉንቮር መስማት አለመስማቷ ግድ አልሰጣትም።

ጉንቮርም ለእናቷ የምትለው ነበራት፤ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ። ከእህቷ ራቅ ብላ፣ ድምፅ ወደማይደርስበት ወደ ረግረጉ ማዶ ጫፍ ሄደች። ነፋስ የለም፣ ሰው የለም። «እማዬ» ልትል አፏን ከፈተች። የራሷን ድምፅ ከመስማቷ በፊት የሚሰማት ሰው በሐሳቧ መጣባት፤ ኦድላይፍ፣ ሳሎን ሶፋው ላይ ወደፊት ዘንበል ብሎ፣ የርቀት መቆጣጠሪያውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ። አፏን ዘጋችና ከቅጠሉ ሥር አንዲት ፍሬ ፈለገች።